የመጨረሻው ሯጭም ውሃ ይጠማዋል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እሁድ ስለተካሄደው የግማሽ ማራቶን ውድድር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ፣ በስንት እንደገባ፣ ሽልማቱን ማን እንደሰጠ ሁሉም አለ። መጨረሻ ላይ «ውድድሩ በድምቀት ተጠናቀቀ» ይላል። አሸናፊዎቹ የልፋታቸውን ነው ያገኙት፣ እንኳን ደስ ያላቸው። ግን ዘጋቢያችሁ ከሽልማቱ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል መድረሻው ላይ ቢቆይ ኖሮ እንደዚያ ብሎ አይጽፍም ነበር። ያላያትን ያቺን ሰዓት ተኩል ልንገራችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

እኔ ከሥራ በፊት ወይም ከሥራ በኋላ ጫማዬን አስሬ የምወጣ ተራ ሯጭ ነኝ። 21 ኪሎ ሜትር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅብኛል። እንዲህ ባለ ውድድር ላይ ብዙው ሰው እንደኔ ነው። የምንከፍለው መመዝገቢያም ቀስ ብለን ስለምንሮጥ አይቀንስልንም።

መነሻው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው ተብለን ነበር። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፈናል። 1 ሰዓት ሆነ፣ ዝም። 1 ተኩል ሆነ፣ ዝም። ድምፅ ማጉያው ሙዚቃ ያሰማል እንጂ ለምን እንደዘገየ የሚናገር ሰው የለም። አሟሙቀን ጨርሰን፣ ሰውነታችን ቀዝቅዞ፣ እንደገና አሟሙቀን፣ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ያለው ሰልፍ ደግሞ አላልቅ ብሎ፣ በመጨረሻ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳን። አንድ ሰዓት ከሩብ ዘገየ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ሁሉ የተወለደው እዚህ ነው። አዘጋጆቹ በላኩልን መመሪያ ላይ መንገዱ ለሦስት ሰዓት፣ ማለትም እስከ 4 ሰዓት፣ ዝግ ይሆናል ተብሎ ተጽፏል። ጥሩ ነው። ሦስት ሰዓት ለግማሽ ማራቶን በቂ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ነገር ግን መነሻው ሲዘገይ የመንገዱ መከፈቻ አብሮ አልዘገየም። ልክ 4 ሰዓት ላይ መኪና ተለቀቀ። ከፊት ያሉት በአንድ ሰዓት ከምናምን ገብተው ጨርሰዋል፣ እነሱን አልነካቸውም። እኛ ግን ሦስት ሰዓት ተብሎ የተሰጠን ወደ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ወረደ። የባከነው ጊዜ በሙሉ የተቀነሰው ከኋለኛው ሰው ላይ ነው። ፀሐዩም እንደዚያው ነው፤ ፊተኞቹ ገና ሳይከር ገቡ፣ እኛ እየከረረ ሄድንበት።

አነሳሱም ሥርዓት አልነበረውም። ብዙ ሰው በሚሮጥባቸው ውድድሮች ሯጮችን እንደፍጥነታቸው በቡድን ከፍሎ በየተራ ማስነሳት የተለመደ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ትክክለኛ ሰዓት ደረቱ ላይ በሚለጥፈው የመሮጫ ቁጥር ላይ ያለው ቺፕ፣ ማለትም ትንሽ የሰዓት መመዝገቢያ፣ ስለሚይዘው ዘግይቶ የተነሳው አይጎዳም። እኛ ግን የሚራመደውም፣ ለሰዓት የሚሮጠውም፣ ልጅ የያዘውም ባንድ ላይ ታጭቀን ተለቀቅን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አንዲት ሴት ተገፍታ ወደቀች፣ ጉልበቷ ተላጠ። ተነስታ ሮጠች፣ ጀግና ናት።

ወደ ውሃው ልምጣ። 5ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ውሃ ነበር። 10ኛው ላይ ስንደርስ ጠረጴዛው አለ፣ ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው፣ አስፋልቱ ላይ ግማሽ ተጠጥተው የተጣሉ ጠርሙሶች ተበትነዋል። አንድ ለግላጋ ልጅ፣ የበጎ ፈቃደኛ ሰደርያ ለብሶ፣ የመጨረሻዋን ጠርሙስ ይዞ ቆሟል። ለማን እንደሚሰጣት ጨንቆታል። «አለቀ፣ ይቅርታ፣ ደውለናል፣ ይመጣል እያሉን ነው» ይላል ለሚያልፈው ሁሉ፣ ድምፁ ሊሰበር ምንም አልቀረውም። ጠርሙሷን ለአራት ተቀባበልናት። አንድ ሰውዬ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ከመሬት የተጣለ ጠርሙስ አንስቶ ጠጣ። የማያውቀው ሰው የጠጣበትን። 15ኛው ላይ ጠረጴዛውም አልነበረም።

ልጁን አልወቅስም። በነፃ ነው የሚያገለግለው፣ የሰው ሁሉ ቁጣ ያረፈው ግን በእሱ ላይ ነው። የምወቅሰው ውሃውን ያሰላውን ሰው ነው። የዓለም አትሌቲክስ ደንብ በጎዳና ውድድር በግምት በየ5 ኪሎ ሜትሩ ውሃ መኖር አለበት ይላል። ደንቡ ይህን የሚለው አሸናፊው ላለፈባት ሦስት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ደግሞ ስሌቱ የሚከብድ አይደለም። ሰው ሲሞቀው አንድ ጠርሙስ ለመጠጣት ይወስዳል፣ አንድ ራሱ ላይ ያፈሳል። ሙሉ ጠርሙስ ከታደለ ሁለት ጊዜ ተጎንጭቶ ይጥለዋል። በኩባያ ግማሽ ግማሽ ቢቀዳ ያው ውሃ ለስንት ሰው ይደርስ ነበር! ከየጣቢያው ለኋለኞቹ ተብሎ የሚቀመጥ፣ ሰዓቱ ሳይደርስ የማይነካ ካርቶንም መኖር አለበት።

16ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ መስቀለኛ መንገድ አለ። እዚያ ስንደርስ 4 ሰዓት አልፏል። አቅጣጫ የሚያሳይ ሰው የለም፣ ሄዷል። የፕላስቲክ ኮኖቹ ተለቅመው ጥግ ላይ ተደራርበዋል። ከፊቴ ከነበሩት ግማሾቹ ወደ ግራ ታጠፉ፣ ግማሾቹ ቀጥታ ሄዱ። መኪና ጥሩምባ ያንባርቅብናል፣ አንድ ሞተረኛ በእኔና ከጎኔ በነበረችው ሴት መሀል ሰንጥቆ አለፈ። እኔ ግራውን ያዝኩ። መድረሻ ላይ ሰዓቴ 22.4 ኪሎ ሜትር አለኝ፤ ቀጥታ የሄዱት ደግሞ 20 እንኳ አልሞላላቸውም። የጂፒኤስ ሰዓት ትንሽ ማብዛቱ ያለ ነው፣ ሯጭ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ማብዛቱ ግን የተለመደ አይደለም። ውጤት ሲለጠፍ ሁላችንም በአንድ ዝርዝር ውስጥ 21.1 ኪሎ ሜትር ሮጡ ተብለን ተደርድረናል።

ለፊተኛው ሰው ርቀቱ በጥንቃቄ እንደሚለካ አውቃለሁ። መለኪያው ብስክሌት ነው፤ የፊት ጎማው ላይ የጆንስ ቆጣሪ የሚባል መሣሪያ ይታሰርና፣ ብስክሌቱ መጀመሪያ ርዝመቱ በታወቀ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ተፈትሾ፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭር መስመር ይነዳል። እንዳያንስ ተብሎም ከሺህ አንድ ይጨመርበታል፣ ለግማሽ ማራቶን 21 ሜትር ገደማ። ይህን ያህል የሚጠነቀቁለት ነገር ነው። እንግሊዝ አገር የማንቸስተር ማራቶን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በ380 ሜትር አጥሮ እንደነበር ሲታወቅ የሦስቱም ዓመት ሰዓቶች ዋጋ አጡ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ማራቶን ሮጥን ብለው ቤታቸው ከገቡ በኋላ ማለት ነው። ያው ግን አዘጋጆቹ በይፋ ተናገሩት። እኛ ጋ ያ እንኳ የለም።

አሁን ዋናው ነገር። 18ኛው ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ከፊቴ እየተወላገደ ይሄዳል። ደርሼ «ደህና ነህ ወንድሜ?» ስለው አየኝና ዞሮ ወደመጣንበት መሮጥ ጀመረ። መድረሻው በዚህ ነው ይለኛል። ስሙን ስንጠይቀው አይመልስም። ቆዳው ይፋጃል። ሦስት ሆነን ደግፈን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው፣ አንዷ ሮጣ ከአንድ ቤት በባልዲ ውሃ ለምና መጣች፣ ቲሸርቱን አውልቀን አፈሰስንበት። ወደ አዘጋጆቹ እንደውል ብለን የመሮጫ ቁጥሩን ገልብጠን አየን። ጀርባው ባዶ ነው። የአዘጋጆቹ ድንገተኛ ስልክ የለም፣ የሰውየው ስም የለም፣ የቤተሰቡ ስልክ የለም። የእኔንም ገለበጥኩት፣ ያው ባዶ። አምቡላንሷ መድረሻው ላይ ቆማለች ተባለ፤ በመኪና በተጨናነቀ መንገድ እስክትደርስልን ከ20 ደቂቃ በላይ ቆየች።

ሙቀት ሰውን ሲመታ የሚሆነው እንዲህ ነው። የሰውነት ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ አእምሮ ሊስት ይችላል፣ ሰውየው ራሱ እንደታመመ ላያውቅ ይችላል። በስፖርት ሕክምና የታወቀው አሠራር መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ እስከ አንገቱ መንከር፣ ያውም በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ። አንድ ትልቅ ገንዳ፣ ውሃና በረዶ፣ የሠለጠነ ሰው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ለመድረሻው የሚነፋ ቅስት የገዛ ድርጅት ገንዳ መግዛት አያቅተውም። ሰውየው በኋላ ነፍሱን እንዳወቀ ከመድረሻው ሰምቻለሁ፣ ተመስገን። አንዲት የማታውቀው ሴት ባልዲ ውሃ ባታመጣለት ምን ይሆን ነበር የሚለው ግን እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መድረሻው ላይ ሜዳሊያ አልቋል። እሱን እለፉት።

ይህን ስናገር ጓደኞቼ «ቀስ ብለህ የምትሮጥ ከሆነ የራስህን ውሃ ያዝ» ይሉኛል። እይዛለሁ፣ ከአሁን በኋላ እይዛለሁ። ግን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ውሃ አለ ብሎ ጽፎ ገንዘብ የተቀበለ አካል ቃሉን መጠበቅ አለበት። ለውድድር የማይመች አየር ከሆነም ማሳጠር ወይም ማስቆም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የቺካጎ ማራቶን በሙቀቱ የተነሳ ሰው ገና መንገድ ላይ እያለ እንዲቆም ተደርጓል፣ ያኔም ውሃ አጣን ብለው የጮሁት ከኋላ የነበሩት ናቸው። ዛሬ እዚያ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር ምልክት በየመንገዱ ይሰቀላል፤ ሯጩ አየሩ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ እየሮጠ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ ኦሊምፒክ ማራቶኑን በጠራራ ፀሐይ፣ በአቧራማ መንገድ፣ ውሃ ከጥቂት ቦታ በስተቀር ሳይኖር አስሮጧቸው ከተነሱት 32 ሰዎች 14ቱ ብቻ ነው የጨረሱት። ያኔ ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ የሚታወቀው ትንሽ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ነገር ተጽፎ፣ ደንብ ወጥቶለት ተቀምጧል።

ሩጫ እንዳይኖር አልፈልግም፣ እንዲያውም በየወሩ ቢኖር ደስታዬ ነው። ጠዋት ላይ ሺህ ሰው አንድ ላይ ሲተነፍስ የሚሰማው ድምፅ ሌላ የትም አይገኝም። ለዚህ ነው የሚቆጨኝ። 16ኛው ላይ ከጎኔ የነበረችው ሴት የመጀመሪያ ውድድሯ ነበር፤ ስንለያይ «ሁለተኛ አልመጣም» ብላኛለች።

ለአዘጋጆቹ ኢሜይል ጽፌ ነበር፣ መልስ አልመጣም። እናንተ ስትጠይቁ ግን መልስ ይሰጣሉ ብዬ አስባለሁ። እባካችሁ ጠይቁልን። መነሻው ለምን አንድ ሰዓት ከሩብ ዘገየ? ሲዘገይስ መንገዱ የሚከፈትበትን ሰዓት ለማስገፋት የሞከረ ሰው ነበር? ለእያንዳንዱ ጣቢያ ስንት ሊትር ውሃ ተመደበ? ርቀቱን ማን ለካው? ግራ የታጠፉትና ቀጥታ የሄዱት ሰዎች ውጤት ምን ይደረጋል? አንድ አምቡላንስ ብቻ ነበር ወይስ ሌሎችም ነበሩ፣ ከነበሩስ የት? የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሊከፈት እንደሆነ ማስታወቂያው ወጥቷል። መልሱን ከዚያ በፊት እዚሁ ገጽ ላይ ብታወጡልን ለመመዝገብም ላለመመዝገብም አውቀን እንወስናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አማተር ሯጭ