ደህና ነን አትበያቸው

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስደውልልሽ «ደህና ነን እማ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለሽ ቶሎ ዘጋሽው። ትንሽ ቆይቶ ወንድምሽ ደወለ። ከፋሲካ ወዲህ ሶፋ ላይ እንደምትተኚ፣ ወገብሽ እንደተያዘ፣ የሥራ መልቀቂያ ጽፈሽ አርብ ልትሰጪ እንደሆነ ከሱ ሰማሁ። እንዳትቆጪው፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኩት። በስልክ ከሆነ ታቋርጪኛለሽ፤ ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ባልሽ ሲተኛ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ የመልቀቂያው ነገር። አርብ አትስጪ። ለዘላለም አላልኩም፣ አርብ አትስጪ። መሥሪያ ቤትሽ ባልሽን ስትሮክ እንደመታው ያውቃል። የምታስታምሚው አንቺ እንደሆንሽ ግን በአፍሽ ነግረሻቸዋል? አለቃሽ «ቤት እንዴት ነው?» ሲልሽ «ደህና ነን» እንደምትዪው አውቃለሁ። እሱም አምኖሽ ይሄዳል፣ ምን ያድርግ። ከኤፕሪል 6 ቀን 2024 ጀምሮ እዚህ እንግሊዝ አገር ቤተሰቡን የሚያስታምም ሠራተኛ በዓመት አንድ ሳምንት ፈቃድ የመውሰድ መብት አለው። ደመወዝ የለውም፣ አልዋሽሽም። ግን ግማሽ ግማሽ ቀን እያደረግሽ ለፊዚዮቴራፒው፣ ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) ቀጠሮ መውሰድ ትችያለሽ። ቀኑን ሊያዘዋውሩብሽ ይችላሉ እንጂ ጭራሽ አይሆንም ሊሉሽ አይችሉም። የሥራ ሰዓቴ ይስተካከልልኝ ብለሽ በጽሑፍ መጠየቅም መብትሽ ነው፤ እምቢ ካሉ ምክንያታቸውን መናገር አለባቸው። ይህን ሁሉ ሳትሞክሪ ያንን ወረቀት ይዘሽ ብትገቢ እኔ እናትሽ አይደለሁም።

ሥራ ለቀሽ በምን ልትኖሪ ነው? በኬረርስ አላወንስ፣ መንግሥት ለአስታማሚ በሚሰጠው አበል? እሺ እንቁጠረው። በኤፕሪል 2025 በወጣው ተመን በሳምንት 83 ፓውንድ ከ30 ፔንስ ነበር። ለዚህች ደግሞ በሳምንት ቢያንስ 35 ሰዓት ማስታመም አለብሽ። በሰዓት 2 ፓውንድ ከ38 ማለት ነው፣ ያውም 35 ሰዓት ብቻ ከለፋሽ። ሌሊቱን ጨምረሽ መቶ ሰዓት ብትለፊም ገንዘቡ ያው ነው። እየሠራሽም ልትወስጂው ትችያለሽ፣ ግን ግብሩና ናሽናል ኢንሹራንሱ (ለጡረታ የሚቆረጠው መዋጮ) ተቀንሶ የሚደርስሽ ከጣሪያው መብለጥ የለበትም፤ በ2025 ጣሪያው በሳምንት 196 ፓውንድ ነበር። በአንድ ፓውንድ ካለፍሽ የዚያን ሳምንት በሙሉ ታጪዋለሽ። ትርፍ ሰዓት ሠርተው ሳያሳውቁ ቀርተው፣ ከዓመታት በኋላ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ መልሱ የተባሉትን ሰዎች በዜና ሰምተሻል። ስለዚህ ሰዓት ቀንሰሽ የምትጠይቂ ከሆነ ፔይስሊፕሽን (የደመወዝ ወረቀትሽን) አንድም ሳትጥዪ አስቀምጪ፣ ደመወዝሽ በተለወጠ ቁጥር ወዲያው ንገሪያቸው። ተመኑም ጣሪያውም በየኤፕሪሉ ስለሚቀየር እያየሽ።

ደግሞ የሱ ፒፕ፣ ለሕመምተኛና ለአካል ጉዳተኛ የሚሰጠው ድጎማ፣ ሳይፈቀድ አንቺ አላወንሱን አታገኚም። ወንድምሽ «ፎርሙ ፍሪጁ ላይ ተቀምጧል» አለኝ። ልጄ፣ ፎርሙ ከተላከበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው ያለሽ! ፒፕ ደግሞ የሱ ገንዘብ ነው። አንቺ ሠራሽ አልሠራሽ፣ ባንክ ውስጥ ብር አላችሁ የላችሁም አይሉም። ችግሩ 3 ወር የቆየና ቢያንስ ሌላ 9 ወር የሚቀጥል መሆኑን ነው የሚያዩት፣ እሱ ደግሞ ይኸው ከፋሲካ ወዲህ ነው። የዕለት ኑሮው ክፍል ብቻ በዚሁ በ2025 ተመን በሳምንት 73 ከ90፣ ከፍተኛው 110 ከ40 ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየሰው ቤት ኬረር (አስታማሚ) ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ይህን ፎርም የሚያበላሸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ሐበሾች በተለይ። የምትገመግመው ሴትዮ መጥታ «እንዴት ነው?» ትላለች፣ እኛ «ደህና ነው፣ ተመስገን» እንላለን። እሷ ታዲያ ተመስገንን ከየት ታውቀዋለች? ደህና ነው ብላ ትጽፋለች። ያለፈው ወር ስመጣ ባልሽ ዳቦ ጠበሰ ብለሽ ደስ ብሎሽ ነገርሽኝ። እኔ ግን ቆሜ አይቻለሁ። ላስቲኩን የከፈትሽው አንቺ፣ ቶስተሩ ውስጥ የከተትሽው አንቺ፣ እሱ ቁልፉን በግራ እጁ ተጫነ፣ ከዚያ ሲወጣ እንዳያቃጥለው ከኋላው ቆመሽ ጠበቅሽ። ፎርሙ ላይ «ምግብ ያዘጋጃል ወይ?» ሲሉሽ ይህን «አዎ» ልትዪው ነው? ሕጉ ራሱ የሚለው አንድን ነገር ያለ አደጋ፣ በደንብ፣ ደጋግሞና በተመጣጣኝ ጊዜ መሥራት ይችላል ወይ ነው። አይችልም። አይችልም ብለሽ ጻፊ። እሱን ማዋረድ አይደለም፣ ስድብም አይደለም። ደህና ነን አትበያቸው።

ይህን ስጽፍ አክስትሽ ትዝ አለችኝ። አስተማሪ እንደነበረች ታውቂያለሽ። አያትሽ አልጋ ላይ ስትወድቅ ማን ይያዛት ብሎ የተሰበሰበም የመከረም የለም፤ አላገባችም፣ ቤት ነች፣ በቃ እሷ ሆነች። መጀመሪያ ፈቃድ ጠየቀች፣ ከዚያ አራዘመች፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በቦታዋ ሌላ ሰው ቀጠረ። እማማ ሌሊት መነሳት ስለምታበዛና ስለምትወድቅ፣ ነጠላዋን ጠምዝዛ አንዱን ጫፍ ከእማማ እጅ፣ ሌላውን ከራሷ እጅ ጋር አስራ ትተኛ ነበር። እማማ ስትንቀሳቀስ እሷ ትነቃለች። ሰዉ ሁሉ ይመርቃታል፤ «ወልደሽ ሳሚ፣ የእናት ምርቃት ይድረስሽ» ይላታል። ምርቃት እንጂ አንድ ሌሊት የሚተካት አልነበረም። እኔ እዚህ ሆኜ ብር እልክ ነበር። ስደውል «እንዴት ነሽ?» እላታለሁ፣ «ደህና ነኝ ተመስገን» ትለኛለች፣ እኔም ቀለል ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። እማማ ስታርፍ ለቀብሩ ስሄድ ያልመጣ ዘመድ አልነበረም፣ ድንኳኑ ጢም ብሎ። ከአርባው በኋላ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ። እሷ ግን ሌሊት ሌሊት በዚያው ሰዓት መነሳቱን አልተወችም። ተነስታ አልጋው ላይ ማንም እንደሌለ ታያለች፣ ከዚያ ቁጭ ትላለች። ጡረታ የላት፣ ሥራ የላት፣ ዕድሜዋም ሄዷል። ይህን ለምን እንደምጽፍልሽ አንቺ ታውቂያለሽ።

የጡረታ ነገር ካነሳሁ አይቀር፦ አላወንሱን ከወሰድሽ የናሽናል ኢንሹራንስሽ ይታሰብልሻል። ካልወሰድሽም በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት የሚያስታምም ሰው ኬረርስ ክሬዲት የሚባል አለለት፣ ገንዘብ ሳይሆን የጡረታ ዓመትሽ እንዳይጎድል የሚሞላ ነው። አንቺ ሃምሳ ሳይሞላሽ ጡረታ አይታይሽም። ለኔ ይታየኛል።

«ሚስቱ ነኝ፣ ግዴታዬ ነው፣ ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ልጠይቅ?» ብለሻል አሉ። ይህንኑ ነገር እዚህ አገር መንግሥት ራሱ ይለው ነበር። በ1976 ለአስታማሚ አበል ሲጀመር ያገቡ ሴቶችን አግልሎ ነበር፣ ድሮስ ቤት ናቸው ተብሎ። ዣክሊን ድሬክ የምትባል እናቷን የምታስታምም ባለትዳር ተከራክራ፣ ነገሩ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1986 አሸነፈች። እኛ የምናፍርበትን ገንዘብ ሴትዮዋ ፍርድ ቤት ቆማ ነው ያመጣችው። ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። በካውንስል ታክስ (በቤት ግብሩ) ላይ አስታማሚ ሲቆጠር የሚደረገው ቅናሽ ዛሬም ለባልና ለሚስት አይሠራም። ስለዚህ እሱን ለመጠየቅ ስልክ ይዘሽ እንዳትደክሚ። ለሱ ዊልቸር ወይም መታጠቢያ ሲባል ቤት ውስጥ ቦታ ከተለቀቀ ግን ሌላ ቅናሽ አለ፣ እሱን ጠይቂ።

አሁን ካውንስሉ። ሁለት ግምገማ ነው የምትጠይቂው፤ አንዱ የሱ፣ አንዱ ያንቺ። ያንቺው ኬረርስ አሰስመንት ይባላል፣ በ2014ቱ የኬር አክት (የእንክብካቤ ሕግ) መብትሽ ነው፣ በነፃ ነው፣ ደመወዝሽን አይቶ የሚከለክልሽ የለም። «የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ እኔ ምን ሆኜ» እንዳትዪ። እንቅልፍሽን፣ ወገብሽን፣ ሥራሽን ይጠይቁሻል። ከዚያ ተነስቶ ነው እሱን ለጥቂት ሰዓት የሚይዝልሽ ሰው፣ ወይም አንቺ እንድታርፊ እሱ ለአጭር ጊዜ የሚቆይበት ቦታ፣ አንዳንዴም በእጅሽ የሚሰጥ ገንዘብ የሚመጣው። ሁሉም አይሰጥሽም፣ ተስፋሽን አላብዛው፣ ወረፋም አለ። ያልተጠየቀ ግን ጭራሽ አይመጣም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደብተር ያዢ። ስንት ሰዓት ቀሰቀሰሽ፣ ለምን፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ። ሰኞ ደህና ካደረ ደህና አደረ ብለሽ ጻፊ። ማክሰኞ አራቴ ከተነሳሽ ግን አራቴ ብለሽ ጻፊ፣ «ትንሽ ተቸገርን» ብለሽ አታሳንሺው። ሲመጡ ደብተሩን ግለጪላቸው። ደህና ነን አትበያቸው!

ኦኪፔሽናል ቴራፒስት፣ የቤቱን ኑሮ የሚያቀልለትን ዕቃ የሚያይ ባለሙያ፣ እንዲልኩልሽም ጠይቂ። የገላ መታጠቢያ ወንበር፣ መያዣ ብረት፣ አልጋ ላይ የሚያንሸራትት ጨርቅ፣ እንደነዚህ ያሉ እስከ 1,000 ፓውንድ የሚደርሱ ዕቃዎችና ጥቃቅን የቤት ማስተካከያዎች ያስፈልጋሉ ከተባለ በእንግሊዝ ያለ ክፍያ ነው የሚሰጡት። አንቺ ግን ከኢንተርኔት ገዝተሻል አሉ። መግዛት አቁሚ።

ጂፒሽ (የቤተሰብ ሐኪምሽ) ዘንድም ሄደሽ አስታማሚ ነኝ ብለሽ ተመዝገቢ። የፍሉ ክትባቱን በነፃ ትወስጃለሽ። አንቺ ከወደቅሽ እኮ ሁለታችሁንም የሚያነሳ የለም።

ባልሽ እንግሊዝኛው ጠፍቶበት አማርኛው ብቻ መቅረቱ አንጀቴን ይበላዋል። ግን በየቀጠሮው አንቺ አታስተርጉሚለት። አስተርጓሚ ሆስፒታሉ በነፃ ማቅረብ አለበት፣ ቀጠሮ ሲያስይዙሽ ቀድመሽ ንገሪያቸው። አንቺ ስታስተርጉሚ አሳምረሽ ነው የምትነግሪያቸው፣ አውቅሻለሁ። ልጁም ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አባቱን ሽንት ቤት እንደሚወስድ ሰምቻለሁ። ጎበዝ ነው፣ ግን አስተማሪዎቹ ይወቁት። እንደሱ ያሉ ልጆችንም ካውንስሉ የመገምገም ግዴታ አለበት።

ውክልናውን ደግሞ አታቆዪው። እሱ አሁን መናገር ቢያቅተውም ይረዳል፣ ይመርጣል። የገንዘብ አለ፣ የጤና አለ፣ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። የሚሰጠው እሱ እያወቀ እያለ ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ ዛሬ አትበዪ፣ እሱም ማንን እንደሚፈልግ ራሱ ያሳይ። እኔን ካልፈለገ አልቀየምም።

ያቺ እናቷን የምታስታምም ጓደኛሽ፣ ቪዛዋ ላይ የመንግሥት ድጎማ አይፈቀድም የሚል ካለበት አላወንሱን ዝም ብላ እንዳትጠይቅ፣ ችግር ይሆንባታል። የካውንስሉን የአስታማሚ ግምገማ ግን መጠየቅ ትችላለች፣ እሱ ከተከለከለው ውስጥ አይደለም። መጀመሪያ ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባለው የነፃ ምክር ቢሮ ሄዳ ታማክር።

ቅዳሜ በጠዋቱ ባቡር እመጣለሁ። ምግብ አትሥሪ፣ ይዤ ነው የምመጣው። ፎርሙን ብቻሽን አትሙዪው፣ አብረን እንሞላዋለን፣ እኔ እንደ ገምጋሚዋ ሴትዮ እጠይቅሻለሁ። ማታ እኔ እሱ ጋ አድራለሁ፣ አንቺ ክፍልሽ ገብተሽ በሩን ዘግተሽ ትተኛለሽ። አይሆንም የሚባል ነገር መስማት አልፈልግም።

እስከዚያ ድረስ ስታነሺው የቀኝ እጁን ይዘሽ አትጎትቺ፣ ከስትሮክ በኋላ የደከመ ትከሻ በቀላሉ ነው ከቦታው የሚለቀው። ሸሚዝ ስታለብሺው የደከመው እጅ ቀድሞ ይግባ፣ ስታወልቂለት መጨረሻ ይውጣ። ወንድምሽ በተገላቢጦሽ ነው የምታደርገው አለኝ፣ ለዚያ ነው ልብስ መቀየር የሚጠላው።

የበራችሁንም ቁልፍ አንድ ቅጂ አስቀርጪልኝ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወልኩ ክፈቱልኝ አልልም።

እናትሽ