አሮጌውን ዲስክ ከማጥፋትህ በፊት

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ስለ ዝምታዬ ይቅር በለኝ፤ ምክንያቱን ስንገናኝ እናወራዋለን። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ስለ ፋይል መጻፍ ይከብዳል፣ ግን ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ ዲስክ ስታሻግር መሃል ላይ እንደተቋረጠብህና የጎደለውን ብቻ ጨምረህ አሮጌውን ልታጠፋ እንደሆነ ሰማሁ። እባክህ፣ ትንሽ ቆይ!

ያቺ የማትለያት የኮፒ ትእዛዝ፣ ሲፒ፣ ሰረዝ ኤን ስትጨምርባት የምታየው ስም ብቻ ነው። መድረሻው ላይ ያው ስም ካለ ታልፈዋለች። ኮፒው ሲቋረጥ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግን ሙሉ ስሙን ይዞ ግማሽ ሆኖ ቀርቷል። አሁንም ብትደግመው ስሙ ስላለ ግማሽ እንደሆነ ይቀራል። ፎልደሮችን እያነጻጸረ ኮፒ የሚያደርገው የሌላው ትእዛዝ፣ የአርሲንክ፣ ኢግኖር ኤግዚስቲንግ የሚባለው አማራጭም እንዲሁ ነው፤ እሱ የሚጠቅመው መድረሻው ላይ ያረምከው ፋይል እንዳይነካብህ ስትፈልግ ነው።

ላንተ የሚሆነው አርሲንክ በሰረዝ ኤ ቪ ነው። መጠንንና ፋይሉ የተሻሻለበትን ሰዓት ስለሚያነጻጽር ግማሹን ለይቶ ይተካዋል። አንድ እንቅፋት አለ፦ ሲፒ ያለ ሰረዝ ፒ ወይም ሰረዝ ኤ ኮፒ ስታደርግ ለፋይሉ አዲስ ሰዓት ትሰጠዋለች፤ ስለዚህ አርሲንክ ሁሉም ተለውጧል ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ለዚህ ሳይዝ ኦንሊ የሚባለውን አማራጭ፣ ሁለት ሰረዝ አስቀድመህ ጨምርበት። መጠኑን ብቻ ያያል፣ በዚያውም የቀድሞዎቹን ሰዓት ከምንጩ ጋር ያስተካክልልሃል።

መጀመሪያ ግን ሰረዝ ኤን ጨምረህ ሞክረው። አርሲንክ ላይ ኤን ማለት ሳይነካ የሚያደርገውን ማሳየት ነው፤ ከሲፒው ኤን ጋር እንዳታምታታው። ዝርዝሩ ላይ ሁሉም ፎቶ ከወጣ ከምንጩ ፎልደር ስም መጨረሻ ያለችውን እዝባር (ስላሽ) ረስተህ ይሆናል። ያለ እሷ ፎልደሩ ራሱ መድረሻው ውስጥ ይገባና ሁሉም ነገር እጥፍ ይሆናል። አንተ ችኩል፣ ይህችን እንኳ አትዝለላት!

ዝርዝሩ ልክ ከሆነ ኤንን አንሥተህ አስኪደው። ሲያልቅ አዲሱን ዲስክ አውጥተህ መልሰህ ሰካው፣ ንባቡ ከሜሞሪ ሳይሆን ከዲስኩ እንዲሆን። ከዚያ አርሲንክ በሰረዝ አር ቪ ኤን ሲ። ሲ የእያንዳንዱን ፋይል ይዘት አንብቦ ያነጻጽራል፤ ሁለቱንም ዲስክ ሙሉ ስለሚያነብ ይዘገያል፣ ታገሠው። መጠኑ ልክ ሆኖ ውስጡ የተበላሸ ፋይል የሚያዘው ይዘቱን እንዲህ በማነጻጸር ነው። አንድም የፎቶ ስም ከወጣ አሮጌውን አትንካ፤ ዝርዝሩን ላክልኝና አብረን እናየዋለን።

ወንድምህ