ጫጫ ላይ የሚቆም ባቡር በኮምፒውተር እንሥራ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል። ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጉዳዬ ባቡር ነው። መንግሥት ይሥራልን ለማለት አይደለም፣ እሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። እኔ የምለው፣ የሰሜን ሸዋን የመመላለሻ ባቡር መጀመሪያ እኛው ራሳችን በኮምፒውተር ጌም ላይ እንዘርጋው ነው። ጣቢያው፣ ሐዲዱ፣ የሰዓት ሰሌዳው ሁሉ የኛ ይሁን።

ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ይማራል፣ ቤቱ ጫጫ ነው። ጫጫ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው። ግን አመሻሽ ላይ መናኸሪያ ሄዳችሁ እዩት። ረዳቱ «አዲሳባ! አዲሳባ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። «ጫጫ» ስትለው ፊቱን ያዞራል፣ ወይ ደግሞ «የአዲሳባ ሒሳብ ትከፍላለህ?» ይልሃል። ባይጭነውም አልፈርድበትም፣ ጫጫ ላይ ባዶ የሚሆነውን ወንበር ማን ይሞላለታል? ልጁ ግን በዚያ ብርድ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ሰዓት ተኩል ይቆማል። መኪና ያጣ ቀን እኔ ጋ ያድራል። አንድ ማታ እንዲሁ አድሮ ላፕቶፑን ከፍቶ ባቡር ይነዳል። ጣቢያው ሁሉ የፈረንጅ ነው። «ጫጫ የሚቆም የለውም?» አልኩት። ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን «መሥራት እኮ ይቻላል ጋሼ» አለኝ። ከዚያ ማታ ወዲህ ሁለታችንም በጊዜ ተኝተን አናውቅም።

ገንዘብ ከየት ይምጣ ለሚል፣ ብዙ አይጠይቅም። ኦፕን ሬይልስ የሚባለው የባቡር መንጃ ጌም (ሲሙሌተር) በነፃ የሚገኝ ነው። መሬቱም ተለክቶ አልቋል። በየካቲት 1992 ዓ.ም. ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የምድርን አብዛኛውን ክፍል ከፍታ ለክታለች፣ ልኬቱ በየ30 ሜትሩ ነው፣ ማንም ያለ ክፍያ ይወስደዋል። መንገዱንና ከተማውን ደግሞ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ማውጣት ይቻላል። እንግዲህ የጣርማበር ገደል ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቷል። የቀረው ሐዲዱ ነው።

የመጀመሪያው መስመር ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ነው፣ 130 ኪሎ ሜትር። ሰንዳፋ፣ አለልቱ፣ ሸኖ፣ ጫጫ ላይ ይቆማል። አገሩ አብዛኛው ሜዳ ስለሆነ መቆሚያውን ጨምሮ በአማካይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ከሁለት ሰዓት በታች ይገባል። እዚህ ጋ አንድ ያስደሰተኝን ነገር ልንገራችሁ። ሐዲዱን ነጠላ ነው ያደረግነው፣ በእውኑም ቢሆን መጀመሪያ የሚሠራው ነጠላ ነው ብለን። በየሰዓቱ አንድ ባቡር ከዚህ፣ አንድ ባቡር ከዚያ ሲነሳ ባቡሮቹ በየግማሽ ሰዓቱ ይገናኛሉ። በዚያ ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ማለት 35 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ጀምራችሁ በየ35 ኪሎ ሜትሩ ቁጠሩ። ሰንዳፋ አጠገብ ትደርሳላችሁ፣ ቀጥሎ ሸኖ፣ ቀጥሎ ጫጫ። ባቡሮቹ የሚተላለፉበት ሁለተኛ ሐዲድ እነዚህ ሦስት ቦታዎች ብቻ ቢኖር ሰሌዳው ይሠራል ማለት ነው። ያቺ ረዳቱ ፊቱን የሚያዞርባት ጫጫ ላይ ሁለቱም ባቡር የግድ ይቆማል! ልጁ ይህን ወረቀት ላይ አስልቶ ሲያሳየኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለው ግን ሌላ ታሪክ ነው። የጣርማበርን ዋሻ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያን የሠራው የመኪና ዋሻ ያለው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ ጉሙ ሲወርድ ፊትህ ያለውን አይሱዙ አታየውም። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይደረመሳል። ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት በአየር ቢለካ ከ25 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፣ ቁልቁለቱ ግን 1,400 ሜትር ገደማ ነው። መኪና ይወርደዋል። ባቡር ብረት በብረት ላይ ነው፣ ይንሸራተታል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው ሐዲድ ትልቁ ዳገቱ በሺህ ሜትር 18.5 ሜትር ነው። ለሰው ብቻ የሚሆን ቀላል የኤሌክትሪክ ባቡር ስለሆነ በሺህ 25 እንፍቀድ ብንል እንኳ፣ ያንን 1,400 ሜትር ለመውረድ 56 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይፈልጋል። ስለዚህ ሐዲዱ እንደ ጥምጥም በተራራው ላይ መዞር አለበት፣ ዋሻም ያስፈልገዋል።

መጀመሪያ ይህን ሳናሰላ የአስፋልቱን መንገድ ተከትለን ዘረጋነው። ልጁ ነዳ። ፍሬኑን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። የባቡር ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፣ እንዲህ ሲደጋገም የአየር ጋኑ ሳይሞላ አየሩ ያልቃል። የአየር መለኪያው መርፌ ወደ ዜሮ ስትወርድ አየኋት። ፍጥነቱ 60፣ 80፣ 110... ከሐዲድ ወጣን። ጌም መሆኑን ባውቅም እጄ ጠረጴዛውን ጨብጦ ነበር። ያን ጊዜ ነው የኤሌክትሪክ ባቡር ለምን እንደሚሻል የገባኝ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ የሚያመነጨውንም ኃይል ወደ ሽቦው ይመልሳል፣ ሽቅብ ለሚወጣው ሌላ ባቡር ይሆናል።

መስመሩን እስከ ሸዋ ሮቢት ያቀድነው ለብቻው እንዳይቀር ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ ሐዲድ በዚያ ያልፋል። በሐዲዱ ስፋት ከልጁ ጋር ተከራክረናል። እሱ የድሮው የድሬዳዋ ምድር ባቡር ዓይነት አንድ ሜትር ይሁን ይላል፣ ጠባብ ስለሆነ ተራራ ላይ በቀላሉ ይታጠፋል። እውነቱን ነው። እኔ ግን እንደ አዲሱ ሐዲድ 1,435 ሚሊ ሜትር አልኩ፣ አለዚያ ሸዋ ሮቢት ላይ ሰው ሻንጣውን ተሸክሞ ባቡር ሊቀይር ነው። የኔ ጸና።

ቅርንጫፎቹን ገና በእርሳስ ነው ያስቀመጥናቸው። ወደ መንዝ በሰላ ድንጋይና በሞላሌ መሐል ሜዳ። ወደ ጅሩ በደነባ እነዋሪ። ምንጃር ዞኑ ሰሜን ሸዋ ቢሆንም ከአረርቲ ወደ ሞጆ ቢወርድ ነው የሚሻለው፣ ሰዉም የሚሄደው ወደዚያ ነው። መርሐቤቴ የጀማ ገደል አለበት፣ እሱን አልደፈርንም። አንኮበርም ሐዲድ አይደርሰውም፣ ግን ጣቢያችን ላይ ስሙ መጻፍ አለበት። የመጀመሪያውን የባቡር ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ሲመጣ የደረሰው አንኮበር ነው። የሸዋ ሰው ስለ ባቡር ማሰብ የጀመረው ዛሬ አይደለም።

አሁን የሚያስፈልገን ሰው ነው። ምድር ባቡር ላይ የሠራችሁ አባቶች፣ ሊቶሪና የሚባለውን ባለ ሞተር የሰው ባቡር የነዳችሁ፣ ጣቢያ ስትቃረቡ ጥሩምባውን እንዴት እንደምታሰሙ ንገሩን። የሸኖና የደነባ ሰዎች፣ የገበያ ቀን ሰው የሚበዛው በስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉልን፣ ሰሌዳውን በዚያ እናስተካክለዋለን። ደብረ ሲና ላይ ባቡሩ አምስት ደቂቃ ይቆማል፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም፣ ቆሎ የሚገዛበት ነው። የቆሎ ሻጮቹን ልጁ አንድ በአንድ እየሣላቸው ነው፣ ቆሎው በላስቲክ ተቋጥሮ በሰፌድ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ የምንፈልገው ደብረ ሲና አጠገብ ያለውን የይዛባን መሬት የሚያውቅ ሰው ነው። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ እዚያ መሬቱ ተንሸራቶ የብዙ ገበሬ ቤት ወስዷል። ከጠፈር መንኮራኩሯ የወሰድነው ልኬት ከፍታውን እንጂ የትኛው ጎን እንደሚንሸራተት አይነግረንም። ጌምም ቢሆን የሰው ቤት በሄደበት መሬት ላይ ዝም ብለን ሐዲድ አንዘረጋም። አንድ የዚያ አገር ሰው በዚህ በኩል ሂዱ እስኪለን ድረስ የኛ ባቡር ደብረ ሲና ላይ ያበቃል። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን