ቦው ከልዊስ ሸሽቷል

ለአዘጋጁ፦

የከባድ ሚዛን ቦክሰኛው ሪዲክ ቦው ከሌላው ቦክሰኛ ከሌኖክስ ልዊስ ጋር ያልተጋጠመው በክፍያ ስላልተስማሙ እንጂ ሸሽቶ አይደለም ሲል ጋዜጣችሁ ያወጣውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። በዚህ አልስማማም።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 ቦው ኢቫንደር ሆሊፊልድን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ከሁለት ሳምንት በፊት ልዊስ ራዞር ረዶክን በሁለተኛው ዙር አሸንፎ ሻምፒዮኑን የመግጠም ተራውን ይዞ ነበር። ቀጣዩ ተጋጣሚ ማን እንደሆነ የሚያከራክር አልነበረም። ቦው ግን ልዊስን ከመግጠም ይልቅ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ለንደን ውስጥ፣ ካሜራ ፊት ቆሞ፣ የደብሊውቢሲን (የዓለም ቦክስ ምክር ቤትን) የሻምፒዮንነት ቀበቶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው።

እሺ፣ ጉዳዩ የገንዘብ ነበር እንበል። ታዲያ በልዊስ ምትክ እነማንን መረጠ? ማይክል ዶክስንና ጄሲ ፈርጉሰንን። አንዱ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ዙር አለቀላቸው። በዚያ ላይ ልዊስ በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ፍጻሜ ቦውን በሁለተኛው ዙር አሸንፎታል። ያንን ቡጢ የቀመሰ ሰው በቀላሉ ይረሳዋል ብዬ አላምንም።

ቦው ፈሪ ነበር እያልኩ አይደለም። ከሆሊፊልድ ጋር ሦስት ጊዜ የተፋለመን ሰው ፈሪ ማለት ነውር ነው። ግን ደፋርም ቢሆን አንድን ተጋጣሚ ለይቶ ሊሸሽ ይችላል።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ ሻምፒዮኖች ሲጽፍ የድልና የሽንፈት ቁጥር ብቻ አያውጣ። በየጊዜው ተራው የማን እንደነበርና ሻምፒዮኑ በምትኩ ማንን እንደገጠመ ጎን ለጎን በሰንጠረዥ ያሳየን።