ከኪሊማንጃሮ ጫፍ በፊት ለመለሱኝ ሰዎች የቀረበ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ በሰላም ሄጄ በሰላም እንድመለስ የፈቀደልኝ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። ከኪሊማንጃሮ ጉዞ ከመጣሁ ወዲህ በስልክም በአካልም «እንኳን ደስ ያለሽ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። መልካም ምኞታችሁን በአክብሮት እየተቀበልሁ፣ አንድ ነገር ማቅናት ይገባኛል፤ እኔ ጫፉ ላይ አልደረስሁም። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን የኡሁሩን ጫፍ የረገጡት ከ6ታችን 4ቱ ናቸው። እኔ 5,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት ጉዞ መካከል፣ በሌላ ሰው ውሳኔ ተመልሻለሁ። ይህን መልእክት የምጽፈውም በተለይ ለመለሱኝ ሰዎች ነው።

ለጉዞው አንድ ዓመት ያህል ተዘጋጅቻለሁ። ደጋ ላይ ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔም ከፍታ ሌላውን ሰው እንጂ እኔን አይጎዳኝም የሚል ጽኑ እምነት ነበረኝ። እምነቱ ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን አካል የሚለምደው የኖረበትን ከፍታ ነው፣ ያልኖረበትን ደግሞ በየደረጃው እንደ አዲስ መማር አለበት። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ከታችም ከላይም 21 በመቶ ገደማ ነው፤ የሚለወጠው የአየሩ ግፊት በመሆኑ፣ በኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ከመሄዴ በፊት አንብቤዋለሁ። ለእኔ የተጻፈ ግን አልመሰለኝም ነበር።

የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለዋናው የተራራ መሪያችን ነው። በዕድሜ አባቴን የሚያህሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ፣ በስዋሂሊ «ፖሌ ፖሌ» (ቀስ በቀስ) እያሉ እርምጃችንን የሚያዘገዩ ሰው ናቸው። ማለዳና ማታ በየድንኳናችን እየዞሩ በጣታችን ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ያደርጉና ሁልጊዜ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር፦ «ራስሽን ያምሻል?» በ3ኛው ቀን ላቫ ታወር እስከተባለው፣ 4,600 ሜትር ገደማ ላይ እስከሚገኘው ዐለት ወጥተን፣ ለማደር ደግሞ ከ4,000 ሜትር በታች ወዳለው ባራንኮ ሰፈር ወረድን። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ መተኛት አካልን ለማላመድ የሚደረግ ነገር ነው። የራስ ምታቱ የጀመረኝ ያን ቀን ነው። ማታ ሲጠይቁኝ «ደህና ነኝ» አልሁ። በማግስቱም እንዲሁ አልሁ። በመጨረሻው ሰፈር በባራፉ፣ ምግብ አልዋጥ ብሎኝ፣ ማስታገሻ በድብቅ ወስጄ ሳለ፣ አሁንም «ደህና ነኝ» አልሁ።

ለምን እንደዋሸሁ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። መሪያችን እንዳይመልሱኝ ፈርቼ ነበር፤ ይህ እውነት ነው፣ ግን ሙሉው እውነት አይደለም። እኔ ተራራውን ከማየቴ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ «አሞኛል»፣ «ከብዶኛል»፣ «አግዙኝ» ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። በሥራም፣ በቤትም፣ በሐዘንም ጊዜ መልሴ ያው «ደህና ነኝ» ነበር፤ ሰዎችም ጠንካራ ነሽ ይሉኛል፣ እኔም ምስጋናውን እወድደው ነበር። ከታች ይህ ልማድ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀስ እያለ ስለሚመጣ አይታወቅም። እዚያ ላይ ግን በሰዓታት ውስጥ ተጠየቅሁበት።

ወደ ጫፍ የሚደረገው ጉዞ የሚጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ግንባራችን ላይ ባሰርነው መብራት የፊተኛውን ሰው ተረከዝ ብቻ እያየን፣ ልቅ በሆነው አሸዋማ ጠጠር ላይ ወጣን። ከ3 ሰዓት ያህል በኋላ እግሬ ካሰብሁበት ቦታ ውጭ ማረፍ ጀመረ። ድካም ነው ብዬ ነበር። መሪያችን ከፊት ሆነው እንዴት እንዳዩኝ እስካሁን ይገርመኛል፤ ሰልፉን አስቆሙና ተረከዜን ከሌላው እግሬ ጣት ጋር እያገናኘሁ በቀጥታ መስመር እንድራመድ አዘዙኝ። በ3ኛው እርምጃ ወደቅሁ። ሚዛን መሳት በከፍታ ምክንያት አንጎል ማበጥ መጀመሩን ከሚያሳዩት ምልክቶች ዋነኛው እንደሆነና ዋናው መድኃኒቱም ሳይዘገዩ መውረድ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት ግን ተከራከርኋቸው። የከፈልሁትን ገንዘብ ጠራሁ፣ የደከምሁበትን ዓመት ጠራሁ፣ የማይገባ ቃልም ተናገርሁ። እርሳቸው አንድም ቃል ሳይመልሱ የጀርባ ቦርሳዬን ከትከሻዬ አውርደው ለረዳታቸው ሰጡ። ስለዚያ ዝምታቸው ምን ያህል እንደማመሰግናቸው የምገልጽበት በቂ ቃል የለኝም። ስለተናገርሁት ክፉ ቃልም በዚህ በሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ረዳት መሪው ከባራፉ እስከ ምዌካ ሰፈር ድረስ፣ ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሆነውን ቁልቁለት፣ ክንዴን ሳይለቅ አወረደኝ። ኦክስጅኑን ፊቴ ላይ ያሰረልኝም፣ እንዳልተኛ እየጠራ ያነቃኝም እርሱ ነው። በሌላው ጎኔ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። እርሷ ፍጹም ጤነኛ ነበረች፤ ጫፉ ላይ መድረሷም አያጠራጥርም ነበር። ማንም አብረሽ ውረጂ አላላትም። እኔም «ሂጂ፣ ደህና ነኝ» ስላት ያን ጊዜ ብቻ በቁጣ «ደህና አይደለሽም» አለችኝና ከእኔ ጋር ፊቷን አዞረች። እህቴ ሆይ፣ የዓመት ልፋትሽን እንደ ቀላል ነገር ጥለሽ ስትወርጂ ምን እንደተሰማሽ እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አልደፈርሁም። እዳው እንዳለብኝ ግን ዘወትር አስባለሁ።

ለ19ኙ ተሸካሚዎቻችን ያለኝ ምስጋና የተለየ ነው። በብሔራዊ ፓርኩ ደንብ አንድ ተሸካሚ የሚይዘው ከ20 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ያን ጭነው ከእኛ በኋላ ተነሥተው ከእኛ በፊት ይደርሱ ነበር። ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ውኃው ፈልቶ ይጠብቀናል። እ.ኤ.አ. በ1889 ሐንስ ማየርና ሉድቪግ ፑርትሼለር ከፍተኛውን ጫፍ መጀመሪያ የረገጡ ሰዎች ተብለው ሲመዘገቡ፣ ጓዛቸውን ተራራው ላይ ያደረሱላቸው የአገሩ ተሸካሚዎች ነበሩ፤ የአብዛኞቹን ስም ግን ዛሬ የሚያነሣ የለም። በእኔ በኩል ይህ እንዳይደገም እሻለሁ። ያን ማለዳ ከእነርሱ ሁለቱ ሳይጠሩ ከባራፉ ሽቅብ መጥተው ተቀበሉን፤ አንደኛው የራሱን ጃኬት አውልቆ አለበሰኝ፣ ሌላው ቋጥኝ በበዛበት ቦታ በጀርባው አዘለኝ።

ስመለስ የመረመሩኝ ሐኪም ሳይቆጡና ሳያስፈራሩ፣ የሆነውን ሁሉ በወረቀት ላይ እየሣሉ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ለባለቤቴና ለእናቴም እንዲሁ። አሁን በቤታችን «ደክሞኛል» ስል ደንግጠው አለመጮኻቸው፣ ተነሥተው ማገዛቸው ብቻ፣ ቃሉን መልመድ አቅልሎልኛል። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ምላሴ ላይ የሚቀድመው የድሮው መልስ ነው። ያን ጊዜ ጥቂት ቆም እልና እመልሰዋለሁ።

በዚያው ቀን ማምሻውን ጓደኞቼ ከጫፍ ተመልሰው ምዌካ ደረሱ። መሪያችን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በእግራቸው ነበሩ። ፊታቸውና ልብሳቸው አቧራ እንደለበሰ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ ድንኳኔ መጡ፤ በሩ ላይ ተንበርክከው መለኪያውን በጣቴ ላይ አደረጉና ጠየቁኝ።

«ራስሽን ያምሻል?»

«አዎን» አልኋቸው፤ «ያመኛል።»

ጫማቸውን አውልቀው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ።