የቻይናውያንን አባባል ሙሉውን ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን «የቻይናውያን አባባል» የሚል ጥቅስ የተጻፈበት የትምህርት ቤት ግድግዳ ብርቅ አይደለም። በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፣ በምረቃ መጽሔት ይታተማል፣ በቴሌግራም ይዘዋወራል፤ እናንተም ገጽ ሲተርፍ በሣጥን ታወጡታላችሁ። ምሳሌያዊ ንግግር የሚወድ ሕዝብ የሩቅ አገር ጥበብ መስማቱ መልካም ነው። የሚያሳዝነው ግን ከሚጠቀሱት ብዙዎቹ የቻይና አለመሆናቸው፣ የቻይና የሆኑትም ቁም ነገሩ ያለበት ክፍል ተቆርጦ የሚደርሱን መሆኑ ነው።

«የሺህ ማይል ጉዞ በአንድ እርምጃ ይጀመራል» የሚለውን የማያውቅ የለም። እውነተኛ የቻይና ነው፤ የጥንቱ ጠቢብ የላኦ ዙ በሚባለው በ«ዳኦ ዴ ጂንግ» መጽሐፍ ምዕራፍ 64 ላይ ይገኛል። መለኪያው ማይል ሳይሆን «ሊ» ነው። አንድ ሊ ዛሬ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሺህ ሊ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ማለት ነው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለውን ግን ማንም አይጽፈውም፤ «ሰው ሥራውን ሊጨርስ ሲቃረብ ያበላሸዋል፤ ፍጻሜውን እንደ ጅማሬው የተጠነቀቀ አይበላሽበትም» ይላል። ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን ይኸኛው ነው። የመሠረት ድንጋይ ለመጣል መቼም አንሰንፍም። መለዋወጫና ጥገና ሳይታሰብለት ተመርቆ በዓመቱ የሚደርቀው የውሃ ቦኖ ግን የፍጻሜ ጉድለት ነው። ተማሪም መስከረም ላይ በጋለ ስሜት ጀምሮ ግንቦት ላይ ይለግማል።

የጠረፉ ሽማግሌና የፈረሱ ታሪክ ለፈረስ አገር ሰው ቅርብ ነው። የኋይናን ንጉሥ ሊዩ አን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ139 ለሃን ሥርወ መንግሥቱ አፄ ዉ ባቀረበው «ኋይናንዙ» በተባለው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። የሽማግሌው ፈረስ ድንበር ተሻግሮ ወደ ዘላኖቹ አገር ኮበለለ። ጎረቤት ሊያጽናና ሲመጣ «ይህ ለበጎ እንደማይሆን በምን አወቃችሁ?» አሉ። ከወራት በኋላ ፈረሱ የዘላኖቹን ምርጥ ፈረሶች አስከትሎ ተመለሰ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ሲባሉ «ይህስ መከራ እንደማይሆን በምን አወቃችሁ?» አሉ። ልጃቸው ሲጋልብ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። በዓመቱ ዘላኖቹ ወረሩ፤ ከጠረፉ ወጣቶች ከአሥሩ ዘጠኙ አለቁ፣ ልጁ ግን አንካሳ በመሆኑ ከአባቱ ጋር ተረፈ። በእኛ ዘንድ ታሪኩ «ሁሉም ለበጎ ነው» ተብሎ ይዘጋል፤ መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም። ክፉው ወደ ደግ፣ ደጉም ወደ ክፉ መገለባበጡ ማብቂያ እንደሌለው፣ ጥልቀቱም እንደማይደረስበት ነው የሚናገረው። ስለዚህ የሽማግሌው ትልቁ ንግግር ፈረሶቹ የመጡ ዕለት የተናገሩት ነው። ለተከፋ ሰው ማጽናኛ ብቻ አድርገን ስንይዘው የደላውን የሚያስጠነቅቀውን ግማሽ ጥለነዋል።

ለገበሬ ልጆች ሊነገር የሚገባው ደግሞ የቡቃያው ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋ መንግ ዙ የተናገረው ነው። በሶንግ መንግሥት አንድ ሰው ቡቃያው አላድግ ቢለው እያንዳንዱን ወደ ላይ ጎተት ጎተት አደረገው። ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬስ ደከመኝ፤ ቡቃያው እንዲያድግ ሳግዘው ዋልኩ» አለ። ልጁ ሮጦ ቢሄድ ሁሉም ጠውልጎ አገኘው። ገብስ ለሚዘራ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቡቃያ ሲጎተት ለዓይን ጣት ያህል የረዘመ ይመስላል፤ ከሥር ግን ውሃ የሚስቡት ፀጉር መሰል ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ከአፈሩም ይላቀቃል። ፀሐይ ሲበረታ ቅጠሉ ውሃ ያወጣል፣ ሥሩ ግን መተካት ያቅተዋል። ታሪኩን የሚለጥፉልን ሰዎች እዚህ ላይ «ታገሥ» ብለው ያቆማሉ። መንግ ዙ ግን ይቀጥላል፤ ምንም አይጠቅምም ብሎ የሚተወው ሰው ቡቃያውን የማያርም ነው፣ በግድ የሚያሳድገው ደግሞ የሚጎትተው ነው፤ የኋለኛው አለመጥቀም ብቻ ሳይሆን ይጎዳል ይላል። ማረሙ ሥራ ነው፣ እሱን አልሻረውም። የእኛው «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ቸኳዩን ብቻ ሲገሥጽ ይኸኛው ሰነፉንም ይገሥጻል። የሚናገረውም በሰው ውስጥ የምግባር ብርታት እንዴት እንደሚያድግ ነው፤ ገና እርሳስ መያዝ ያልጠናውን ሕፃን በቤት ሥራ የሚያስጨንቅ ወላጅና መምህር ሊያነበው ይገባል።

ስለ በግ የሚናገረው አባባል ለመንዝ ሰው የተላከ ይመስላል። «በግ ከጠፋ በኋላም ጉረኖ መጠገን አልረፈደም» ይላል፤ «ጃን ጉዎ ፀ» ከተባለው የጥንት ታሪክ መጽሐፍ የተገኘ ነው። ጇንግ ሺን የተባለ አማካሪ የቹ መንግሥትን ንጉሥ አስቀድሞ አስጠንቅቆት ነበር፣ ንጉሡ አልሰማውም። የባላንጣው የቺን መንግሥት ጦር ዋና ከተማውን ከወሰደበት በኋላ፣ ይህም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 የሆነ ነው፣ ንጉሡ አስጠርቶት ምን ይሻላል ሲለው ይህን መለሰለት። እኛ በዚህ ጊዜ የምንተርተው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው። የእኛው የዘገየውን ያሳፍራል፣ የእነሱ የቀሩትን በጎች ያስቆጥራል። ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስተማር ይቻላል፤ የአማርኛ መምህራን ለክርክር ርዕስ ቢያደርጉት ጥሩ ፍሬ ያለው ክፍለ ጊዜ ይወጣዋል።

አሁን የቻይና ወዳልሆኑት ልምጣ። «ዓሣ ከምትሰጠው ማጥመድ አስተምረው» የሚለው እ.ኤ.አ. በ1885 በታተመ የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የአን ታከሪ ሪቺ ልብ ወለድ ውስጥ የሚገኝ ነው። በጥንቱ የቻይና መጽሐፍ፣ ማለትም በዚያው በ«ኋይናንዙ»፣ ያለው «ወንዝ ዳር ቆሞ ዓሣ ከመመኘት ቤት ገብቶ መረብ መሥራት ይሻላል» የሚል ነው፤ የሚገሥጸውም ተመጽዋቹን ሳይሆን ተመኚውን ነው። «አንድ ሥዕል ከአሥር ሺህ ቃላት ይበልጣል» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1927 የቻይና ምሳሌ ብሎ ያወጣው አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ነው። በመምህራን ሥልጠና የማይቀረው «ብሰማ እረሳለሁ፣ ባይ አስታውሳለሁ፣ ብሠራ ይገባኛል» ደግሞ የኮንፊሽየስ አይደለም። ምንጩ ሌላው የጥንት ፈላስፋ ሹን ዙ ነው፤ እሱም ካለመስማት መስማት፣ ከመስማት ማየት፣ ከማየት ማወቅ፣ ከማወቅ መሥራት ይሻላል፣ ትምህርት የሚያበቃው ሥራ ላይ ሲውል ነው አለ እንጂ መስማትን አልናቀም።

ማጣራቱ ከባድ አይደለም። ከታሪክ የወጡት አባባሎች አብዛኛዎቹ አራት የቻይና ፊደላት ብቻ ናቸው፤ የጠረፉ ሽማግሌ ታሪክ ለምሳሌ «ሳይ ወንግ ሺ ማ» ይባላል። ጥቅሱ የመጽሐፍ ስምና ምዕራፍ ከሌለው መጠርጠር ነው። ካለው «ቻይኒዝ ቴክስት ፕሮጀክት» የተባለው ድረ ገጽ ጥንታዊ መጻሕፍቱን ይዟል፣ ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ ትርጉም አላቸው፤ ሲነበብም ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያሉትን አሥር አሥር መስመሮች መዝለል አይገባም፤ የተቆረጠው ክፍል የሚገኘው እዚያ ነው። በከተማችን ፋብሪካዎች ከቻይናውያን ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ፊደላቱን በስልካቸው ቢያሳዩ፣ አባባሉ የታወቀ ከሆነ ባልደረባቸው ታሪኩን ይነግራቸዋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የኮንፊሽየስ ኢንስቲትዩት አለ።

ከእናንተ የምለምነው በሣጥን ስታወጡ ከሥሩ ሁለት መስመር እንድትጨምሩ ነው፤ አንዱ መጽሐፉን፣ ሁለተኛው ለማንና በምን ጉዳይ እንደተነገረ የሚገልጽ። ለትምህርት ዘመን መክፈቻ የሚሆን አንድ ልጀምርላችሁ፦

«ለአንድ ዓመት የሚያቅድ እህል ይዝራ፤ ለአሥር ዓመት የሚያቅድ ዛፍ ይትከል፤ ለዕድሜ ልክ የሚያቅድ ሰው ይትከል። አንዴ ተዘርቶ አንዴ የሚታጨደው እህል ነው፣ አንዴ ተተክሎ አሥር የሚሰጠው ዛፍ ነው፣ አንዴ ተተክሎ መቶ የሚሰጠው ሰው ነው።»
ምንጭ፦ «ጓንዙ»። ብዙ ጊዜ በስህተት ለኮንፊሽየስ ይሰጣል።
የተነገረው፦ አገር ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቋንቋ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን