ስማርት ቦርዱ ይቆይና ማይክ ግዙልን

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፦

ሰሞኑን ስለ ዲጂታል ትምህርት ብዙ እየተባለ ነው። እገሌ ዩኒቨርሲቲ ስማርት ቦርድ (በጣት የሚነካ ትልቅ ስክሪን ያለው ሰሌዳ) ገዛ፣ እገሌ ስማርት ክፍል አስመረቀ ሲባል እንሰማለን። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ስለ ስማርት ቦርዱ የምለው ብዙ የለኝም። ስለ ማይክ ግን አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ከክፍል ስወጣ አንዲት ተማሪ ተከትላኝ መጣች። «መምህር፣ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲያወሩ ምንም አይገባኝም» አለችኝ። ሁልጊዜ የፊት ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው። ጎበዝ ስለሆነች ነበር የሚመስለኝ። ለካ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም። ግማሹን ትምህርት የምታገኘው ከንፈሬን እያነበበች ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ የቀረው አንድ ወር ነበር። ያን ቀን ማታ ስንት ሰዓት ጀርባዬን ሰጥቻት እንዳስተማርኩ አሰላሁ። ውጤቱን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

አንድ ባልደረባዬ «ለምን ካፕሽን አትከፍትም?» አለኝ። ካፕሽን ማለት ፊልም ላይ ሰብታይትል የምንለው ዓይነት ጽሑፍ ነው። ልዩነቱ ይሄኛው አስቀድሞ የተዘጋጀ አለመሆኑ ነው። እናንተ ስትናገሩ ኮምፒውተሩ እየሰማ እዚያው ስላይዱ ላይ ይጽፈዋል። አዲስ ግኝትም አይደለም። ጎግል ስላይድስ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አለ። ፓወርፖይንትም ብዙ ሳይቆይ ተከትሏል። ለጎግሉ ክሮም ብሮውዘር፣ ኢንተርኔትና ማይክ ካላችሁ በቂ ነው፤ ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ስንት ዓመት በስላይድ ሳስተምር ካፕሽን የምትከፍተውን ቁልፍ ልብ ብዬ አይቻት አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። እንደምታውቁት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ሁላችንም እንቀላቅላለን። ትርጓሜው በእንግሊዝኛ ይነበባል፣ ማብራሪያው በአማርኛ ይቀጥላል፣ ምሳሌው ደግሞ ከሁለቱም የተሠራ ነው። ካፕሽኑ የተከፈተው በእንግሊዝኛ ስለነበር አማርኛዬንም በግድ እንግሊዝኛ አደረገው። «ስለዚህ» ባልኩ ቁጥር «ስሊዚ» ብሎ ይጽፋል። ስሊዚ ማለት ነገረ ሥራው የረከሰ፣ ባለጌ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ያለ «ስለዚህ» ዐረፍተ ነገር አልጀምርም። «ገባችሁ?» ስል «ጌት ባክ ቱ ዩ» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ያቺ ተማሪም ሳቀች። ከሌሎቹ እኩል፣ በዚያው ቅጽበት። በኋላ ሳስበው ነው ነገሩ የገባኝ። ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ቀልድ ሲወራ ጎረቤቷ እስኪነግራት ጠብቃ ነበር የምትስቀው።

እሺ፣ ታዲያ ለምን በአማርኛ አላደርገውም ብዬ ሞከርኩ። ጎግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ የከፈተው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2017 ነው። በ2019 ደግሞ ላይቭ ትራንስክራይብ የሚባል የስልክ መተግበሪያ ወጣ። መስማት የተሳናቸው በሚማሩበት ዋሽንግተን በሚገኘው የጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተሠራ ነው። አማርኛም ይጽፋል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሞከርኩት። ተራ ወሬ ሲሆን ደህና ነው፤ እንዲያውም አስገርሞኛል። «ስታንዳርድ ዴቪዬሽን» የሚል ቃል ሲመጣ ግን ይደነብራል። አንዱን ቋንቋ ምረጥ ይላችኋል፣ እኛ ደግሞ አንዱን መርጠን አናውቅም።

ስለዚህ (ይቅርታ) ራሴን ለመቀየር ወሰንኩ። ካፕሽኑ ሲከፈት ሙሉ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። በአማርኛ ማስረዳት ሲያስፈልግ ቆም እላለሁ፣ «አሁን በአማርኛ ነው» እላለሁ፣ ስልኩን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ላይ አንደበቴ ታሰረ። አንድ ወር ገደማ ፈጀብኝ። ስክሪኑ ደግሞ ገበናዬን አወጣብኝ። ለካ የዐረፍተ ነገሬን ጭራ እውጣለሁ። ከማሽኑም ከተማሪውም ያመለጠው ያው ጭራው ነበር። የማስተማር ዘዴ ሥልጠና ብዙ ጊዜ ወስጃለሁ፤ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ማይኩ ልምጣ። የላፕቶፕ ማይክ ከፊቱ ለተቀመጠ ሰው ነው የተሠራው። እኔ እየተንጎራደድኩ ነው የማስተምረው። ሁለት እርምጃ ስርቅ ካፕሽኑ ዝም ይላል ወይም ከራሱ ይፈጥራል። በዚያ ላይ የእኛ አዳራሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ቆርቆሮ ቤት ያደገ ያውቀዋል። የኋላው ወንበር እኔን ከመስማት ዝናቡን ማዳመጥ ይቀለዋል። ደረት ላይ የሚሰካ ገመድ አልባ ማይክ ሳደርግ ነው ነገሩ የተለወጠው። አፌ አጠገብ ስለሆነ ዝናቡም፣ ኮሪደር ላይ የሚያወራውም ብዙ አይጋፋውም። ስላይዱ ያው ነው፣ ኤልሲዲው (ፕሮጀክተሩ) ያው ነው፣ ኢንተርኔቱም ያው ደካማው ነው። የተለወጠው ማይኩ ብቻ ነው። ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ግን ማይኩ እሱ ጋ ስለማይደርስ ጥያቄውን እኔ መድገም አለብኝ። ይሄም ጠቅሞናል፤ ድሮም ከኋላ የሚጠየቀውን ጥያቄ የሚሰማው አልነበረም።

ያልጠበቅኩት ነገር ካፕሽን ይቀጥል ብለው የጠየቁኝ ሌሎቹ መሆናቸው ነው። ጆሯቸው ደህና ነው። ግን ፍሬሽማን ናቸው፣ እንግሊዝኛን እንደኔ ባለ አነጋገር ሰምተው አያውቁም። ከመካከላቸው አማርኛም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋው የሆነ አለ። እንግሊዝኛውን ሲያነብቡት ያውቁታል፣ ሲሰሙት ግን ያመልጣቸዋል።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ያስታውሰዋል። ቴሌቪዥኑ ይከፈታል፣ መምህሯ በማናውቀው የእንግሊዝኛ ቅላፄ ትጀምራለች። አንድ ዐረፍተ ነገር ካመለጠህ አለቀ። እጅ ብታወጣ አታይህም። የክፍላችን መምህር ጥግ ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር ያይ ነበር። ለዚያ ቴሌቪዥን ብዙ ገንዘብ ወጥቷል። አሁን ስለ ስማርት ቦርድ ሲወራ ትዝ የሚለኝ እሱ ነው።

ካፕሽን ሁሉን ይፈታል እያልኩ አይደለም። ባለፈው ሚድ ፈተና አንድ ተማሪ «ሚዲያን» (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው ቁጥር) ማለት ሲገባው ከዳር እስከ ዳር «ሚዲየም» ብሎ ጻፈልኝ። ከስክሪኑ ገልብጦ ነው። ነጥብ መቀነስ አልቻልኩም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የዕለቱን ዋና ዋና ቃላት ትምህርት ከመጀመሬ በፊት ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ከስክሪኑ ጋር ከተለያየ ሰሌዳውን እመኑ እላለሁ። አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ ደግሞ «ተማሪው ስክሪን ሲያነብ መቼ ያስባል?» ይለኛል። ከፊል እውነት አለው። ጥያቄ በምንሠራበት ሰዓት አጠፋዋለሁ።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ሌላ ነው። ምልክት ቋንቋ አፍ መፍቻው ለሆነ ተማሪ ይህ ጽሑፍ የአስተርጓሚን ቦታ አይተካም። እንግሊዝኛ ለእሱ ሌላ ቋንቋ ነው፤ ያውም በስህተት የተሞላ እንግሊዝኛ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፣ ባለሙያ ከየት ይምጣ የሚባል ሰበብ አይሠራም። «ካፕሽን አለላችሁ» ብሎ አስተርጓሚ የሚከለክል ኃላፊ እንዳይመጣ ከወዲሁ እፈራለሁ። ካፕሽኑንም ቢሆን ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ፈቃድ ብቻ አላደረጉትም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኢንተርኔት በሚለቋቸው ትምህርቶች ላይ ካፕሽን የለም፣ ያለውም የተበላሸ ነው ተብለው እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ መስማት የተሳናቸው ዜጎች ማኅበር ከስሷቸዋል። ስምምነት ላይ የተደረሰው በ2019 እና በ2020 ነው። እኛም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቀናል።

ዕቅድ ለሚያወጡና ግዥ ለሚፈጽሙ ሰዎች የምለው አጭር ነው። መጀመሪያ በየአዳራሹ ደረት ላይ የሚሰካ አንድ ማይክና ትርፍ ባትሪ ይግባ። ቀጥሎ ኢንተርኔቱ ኤልሲዲው አጠገብ ይድረስ። እኔ እስካሁን በራሴ ስልክ ሆትስፖት ነው የማስተምረው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ በጠመኔ ብቻ። ከዚያ መምህራን ለአንድ ከሰዓት ተሰብስበን ቁልፏ የት እንዳለች እንተያይ። ሻይ ቡና ባይኖርም እንመጣለን። የፊት ወንበር የያዙትን ተማሪዎች ደግሞ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሳምንት «በደንብ ይሰማል?» ብለን እንጠይቅ። እኔ ያወቅኩት መጨረሻ ላይ ነበር፣ ያውም ሳልጠይቅ።

ስማርት ቦርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ፣ አልጠላም። እኛ ዘንድ የገባው አንዱ እስካሁን ከነላስቲኩ ነው።

ማይኩን የገዛሁት ከኪሴ ነው። በጥያቄ ቅጽ ሦስት ጊዜ ጠይቄ «በዕቅድ አልተያዘም» ተብያለሁ። የሚመለከተው ክፍል ይህን ደብዳቤ ካነበበ ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የስታቲስቲክስ መምህር